ስሞቹን የሸፈንኩት ለዚህ ነው

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ ለገሃር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡ ልጆች አንድ ሽፋኑ የተላላጠ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ገዛሁ። ጂኦግራፊ አምሮኝ አይደለም። የኋላ ሽፋኑን ገለጥ ሳደርግ ውስጡ በሙጫ የተለጠፈች የወረቀት ኪስ አየሁ፣ ኪሷ ውስጥ ደሞ መጽሐፉን ማን እንደተዋሰው የሚጻፍባት የላይብረሪ ካርድ ራሷ አለች፣ በቃ ዋጋ እንኳን ሳልከራከር ከፍዬ ሄድኩ።

ከእኔ ዕድሜ ጋር የምትቀራረቡ ሰዎች ስለምን እንደማወራ ይገባችኋል። ቢጫ ካርቶን፣ ከእጅ ብዛት ጠርዟ እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ አናቷ ላይ የመጽሐፉ ስምና ቁጥር በታይፕ የተመታባት፣ ከሥር በእስክሪብቶና በማስመሪያ የተሰመረ ሰንጠረዥ፦ ስም፣ ክፍል፣ የወሰደበት ቀን፣ የመለሰበት ቀን፣ ፊርማ። የኔዋ ላይ 11 ስም አለ። የመጀመሪያው የ1971፣ የመጨረሻው የ1984። አንዱ የ9ሐ ተማሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወስዶታል፣ ሦስተኛው ላይ ፊርማው ተለውጧል፣ መጀመሪያ ስሙን ነው እንደ ፊርማ የጻፈው፣ በመጨረሻ ግን የአዋቂ ሰው የሚመስል ክብ ክብ ያለ ነገር ሆኗል፣ ፊርማ ሲለማመድ ነው ያየሁት ማለት ነው። አንዷ ላይ ደሞ ሌላ የእጅ ጽሑፍ በቀይ «ዘግይታለች» ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ማታ ማታ እያወጣሁ አየዋለሁ፣ ሳየው ሆዴ ይባባል።

ታዲያ ፎቶ አንስቼ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ዘመዴ ፎቶውን አጉልቶ የመጨረሻውን መስመር በቀይ ከበበና «ሌባው ይሄ ነው፣ አልመለሰም» ብሎ መልሶ ላከው። እውነትም የመለሰበት ቀን የሚለው ባዶ ነው። ሌላዋ ደሞ የአባቱን ስም አይታ «እንዴ ይሄ የነ እንትና ወንድም አይደል? አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል እኮ» አለች። ክው አልኩ። ወዲያው አጠፋሁት፣ ግን ማን ሴቭ እንዳደረገው በምን አውቃለሁ።

ልጁ ደሞ ሌባ አይደለም፣ ካርዷ ራሷ ትመሰክርለታለች። አሠራሩን አስቡት እስቲ። መጽሐፍ ስትዋሱ ካርዷ ከኪሷ ወጥታ ትሞላና ላይብረሪ ትቀራለች፣ መጽሐፉ ከናንተ ጋር ይሄዳል፣ ካርዷ ረጅም ሳጥን ውስጥ በመመለሻው ቀን ተርታ ቆማ ትጠብቃችኋለች፣ ቀኑ አልፎ እዛው የቆመች ካርድ ካለች መጽሐፉ ውጭ ነው ማለት ነው። ወደ ኪሷ የምትገባው መጽሐፉ ሲመለስ ብቻ ነው። ስለዚህ ካርዷን ኪሷ ውስጥ ካገኘኋት ልጁ መልሷል፣ ቀኑን መጻፍ የረሳው ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰው ነው። አንድ ባዶ ቦታ፣ ምናልባት ሰልፍ በዝቶ፣ ምናልባት ደወል ተደውሎ፣ ከ30 ዓመት በኋላ አንድን ሰው በገዛ ዘመዶቼ ፊት ሌባ አሰኘው። ከዛ በኋላ ነው ፎቶውን ለማንም ሳሳይ ስሞቹን በወረቀት የምሸፍነው፣ «ስሞቹ እኮ ናቸው ደስ የሚሉት፣ ለምን ሸፈንሽው» እያላችሁ የጠየቃችሁኝ ሰዎች ብዙ ስለሆናችሁ ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለናንተ ነው።

የኔ ዓይነት ነገር ጃፓን ውስጥ በትልቁ ተከስቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮቤ ከተማ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሮጌ የመጽሐፍ ውሰት ካርዶች ተገኙ፣ ካርዶቹ ላይ የሃሩኪ ሙራካሚ ስም አለበት፣ ዛሬ በዓለም የሚታወቀው ደራሲ ያኔ ተማሪ ሆኖ የፈረንሳዊውን ደራሲ የጆሴፍ ኬሰልን ሥራዎች ተውሶ ነበር። የከተማው ጋዜጣ ፎቶውን አወጣው። አንባቢ ሆናችሁ ስታስቡት ደስ አይልም? እኔም ዜናውን ሳነብ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ የምትወዱት ደራሲ በልጅነቱ ማንን ያነብ እንደነበር ማወቅ ማን ይጠላል። የጃፓን ላይብረሪ ማኅበር ግን ይሄ የአንባቢን ምስጢር መጣስ ነው ብሎ ተቃወመ፣ ፎቶው ላይ የሌሎች ተማሪዎች ስምም አብሮ ይታይ ነበር፣ እነሱ ደራሲ አልሆኑም፣ ዝነኛ አይደሉም፣ አንድ ቀን ከአንድ ዝነኛ ሰው በፊት ወይም በኋላ አንድ መጽሐፍ ስለተዋሱ ብቻ ነው ጋዜጣ ላይ የወጡት። ጋዜጣው የሥነ ጽሑፍ ጥናት ነው አለ። እኔ ከላይብረሪ ማኅበሩ ጋር ነኝ፣ ልቤ ፎቶውን ማየት እየፈለገም ከነሱ ጋር ነኝ።

ይሄ ካርድና ኪስ የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ኒውዋርክ ከተማ ከነበረው የሕዝብ ላይብረሪ ነው ስሙን ያገኘው፣ ኒውዋርክ ሲስተም ይሉታል። የገረመኝ ነገር፣ እዛ ብዙ የሕዝብ ላይብረሪዎች ካርዷ ላይ የሚጽፉት የአንባቢውን ቁጥር ነበር፣ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚነግራችሁ መዝገብ ጠረጴዛው ጋ ለብቻው ይቀመጣል፣ ከናንተ ቀጥሎ የሚዋስ ሰው ቁጥር ብቻ ነው የሚያየው። ስም የሚጻፈው ይበልጡን ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነበር። እኛ ጋ የደረሰችው ባለስሟ ናት።

እና እኔ ባለስሟን ነው የምወዳት፣ እሱን አልክድም።

የተማርኩበት ላይብረሪ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ክፍል ነው፣ ዝናብ ሲመጣ እርስ በርስ አንሰማማም። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ጠዋት ሄጄ እቀመጣለሁ። ላይብረሪያኑን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ ማኅተሙን መጀመሪያ በአፋቸው እፍ ይሉበትና ነው ቀለሙ ላይ የሚያሳርፉት፣ ከዛ ወረቀቷ ላይ ጧ! ያደርጉታል። መጽሐፍ የምመርጠው በሽፋን አልነበረም፣ በካርድ ነበር። የኋላውን ገልጬ ማን አንብቦት እንደሚያውቅ አያለሁ። ከኛ አሥር ዓመት ገደማ በፊት የተማረ አንድ ልጅ ነበር፣ የስሙን የመጨረሻ ፊደል ጭራ እስከ መስመሩ ጫፍ ድረስ የሚጎትት፣ እሱ ስሙ ያለበት መጽሐፍ አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። ሞስኮ ፕሮግሬስ ከሚባለው ማተሚያ የመጡትን ወፋፍራም ልቦለዶች አንድ በአንድ ጨርሷቸዋል፣ እኔም ተከተልኩት። አንዱን ሰኔ ላይ ወስዶ መስከረም ላይ ነው የመለሰው፣ ክረምቱን ሙሉ እሱ ጋ ከርሟል ማለት ነው፣ እኔም ያንን መጽሐፍ ሳነብ ዝናብ የሚዘንብ ይመስለኝ ነበር። መልኩን አላውቅ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅ፣ ግን ማንበብ ያስተማረኝ ማን ነው ብትሉኝ እሱ ነው። ዛሬ ኦንላይን ላይ «ይህን የወደዱ ይህንንም ወደዋል» የሚባለው ነገር አለ አይደል፣ ያንን አልጎሪዝም ነው የሚያወጣው፣ እዚህ ግን የሆነ ልጅ እጅ ነበረበት፣ እስክሪብቶው ሲያስቸግረው ጥግ ላይ የሞከረባት ጭረት ሳትቀር ትታያለች።

ሌላ ስም ደሞ አለ።

10ኛ ክፍል ሆኜ እንደልማዴ ካርድ ሳገላብጥ ስለሚጥል በሽታ የምታወራ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ላይ የክፍላችንን ልጅ ስም አገኘሁ። ካርዷ ላይ ሌላ ማንም የለም፣ እሷ ብቻ፣ ሁለት ጊዜ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፣ ክፋት አስቤም አይደለም፣ አንድ ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ በረፍት ሰዓት ለአንዲት ጓደኛዬ ነገርኳት። ለአንድ ሰው ብቻ። ሳምንት ሳይሞላ ያቺ ልጅ ከምትቀመጥበት የሦስት ሰው ዴስክ ላይ ሁለቱ ተነስተው ሌላ ቦታ ሄዱ። አንዱ ልጅ ክብሪት ይዞ መጥቶ ፊቷ ላይ ጫረ፣ የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው ሲወድቅ አፍንጫው ሥር ክብሪት የሚጭሩለት ነገር አለ አይደል፣ እሱን ለማለት ነው። እሷ ምንም አላለችም፣ ደብተሯን ነው ያየችው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሳየው ነበር። ያወራሁት እኔ መሆኔን ሳታውቅ ጨረስን።

ይሄን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ግን ያንን ልጅ እየተከተልኩ መጽሐፍ ያነበብኩባት ካርድና ይቺን ልጅ ያጋለጠቻት ካርድ አንድ ዓይነት ካርድ ናት፣ አንዷን ወስዶ ሌላዋን መተው አይቻልም፣ ለኔ የጠቀመችበት ምክንያትና እሷን የጎዳችበት ምክንያት ያው አንድ መስመር ነው፦ ማን ምን እንዳነበበ ማንም አንስቶ ማየት ይችላል።

የአባቴ ትውልድ ይሄን ከኛ በተሻለ ነው የሚያውቀው። አባቴ መጽሐፍ ላይ ስሙን ጽፎ አያውቅም። ሰው «ለወዳጄ እገሌ» ብሎ ፈርሞ የሰጠው መጽሐፍ ካለ የመጀመሪያዋ ገጽ ተቀድዳ ነው ያለችው። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ያኔ እንዲህ ነበር» ብቻ ነው የሚለኝ፣ ኋላ ላይ ነው የገባኝ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ ሰው መጽሐፉን ይቀብር፣ ያቃጥል፣ ሽንት ቤት ይጥል ነበር፣ እና የሚያስፈራው የራስ ስም ብቻ አይደለም፣ እናንተ ጋ በተገኘ መጽሐፍ ላይ ስሙ ያለ ወዳጃችሁ ነው አብሮ የሚለቀመው። ኦሮማይ በ1975 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ቀጥሎም በዓሉ ግርማ በ1976 የካቲት ላይ ከቤት እንደወጣ ሲቀር፣ መጽሐፏ ከእጅ ወደ እጅ ተደብቃ ነበር የምትነበበው። አባቴ ለአንድ ሌሊት በጋዜጣ ተጠቅልላ እንደመጣችለትና ጎህ ሳይቀድ እንደመለሳት ነግሮኛል፣ ከማን እንደተዋሳት ግን እስከ ዛሬ አልነገረኝም፣ ሰውየው ከሞቱ ቆይተዋል እኮ፣ አሁንም አይናገርም። ያቺ ቅጂ የኋላ ኪስና ካርድ ቢኖራት ኖሮ ብላችሁ አስቡት።

ስም መጽሐፍ ላይ ማስፈር ለኛ አዲስ ነገር አይደለም በነገራችን ላይ። የብራና መጻሕፍት ላይ ያስጻፈው ሰው ስም ይሰፍርና ከሥሩ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን» ይባላል፣ የሰረቀው የፋቀው የተወገዘ ይሁን። ግን ልብ በሉ፣ ያ የባለቤቱ ስም ነው፣ ራሱ ፈልጎ ያስጻፈው። ስንት ዲያቆን፣ ስንት ተማሪ ያንን ብራና እያገላበጠ አደገበት፣ የአንዱም ስም የለም፣ የቀረው ገጹ ጥግ ላይ የጣታቸው ወዝ ነው።

እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ የላይብረሪያኖቹ ነገር ነው ልቤን የነካኝ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሁለት የኤፍቢአይ ሰዎች ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብና ሳይንስ ላይብረሪ ገብተው ሠራተኛዋን የውጭ አገር ሰዎች ምን ምን እንደሚያነቡ ይጠይቃሉ፣ ቀዝቃዛው ጦርነት ነው፣ ሶቪየቶችን መፈለጋቸው ነው። ላይብረሪው አልናገርም አለ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ላይብረሪ አዌርነስ ፕሮግራም የሚባል ነገር እንዳለና ሌሎች ላይብረሪዎችም እንደተጠየቁ ታወቀ። ከዛ በ2005 ደሞ ኮኔቲከት ውስጥ አራት ላይብረሪያኖች የአንድ የላይብረሪ ኮምፒውተር ተጠቃሚን መረጃ አምጡ፣ መጠየቃችሁንም ለማንም እንዳትናገሩ የሚል ደብዳቤ ከኤፍቢአይ መጣባቸው፣ አሻፈረን ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ስማቸውን እንኳን መናገር ተከልክለው ጆን ዶ እየተባሉ ነው የተከራከሩት፣ በ2006 አፋቸው ተፈታ፣ ጥያቄውም ቀረ። ዛሬ 48 ግዛቶች የላይብረሪ መዝገብን ምስጢርነት የሚጠብቅ ሕግ አላቸው። በዓለም ላይ ከሚያስፈራው መሥሪያ ቤት ፊት ቆሞ «ማን ምን እንዳነበበ አልነግርህም» ያለው ወታደር አይደለም፣ ጠበቃም አይደለም፣ መጽሐፍ የሚደረድር ሰው ነው። እኔ ለዚህ ሙያ ያለኝን ክብር በቃል መግለጽ ይቸግረኛል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ወደ ላይብረሪ ስሄድ አንድ ቀን ጠረጴዛው ጋ የነበረችውን ሴትዮ እስከ ዛሬ የተዋስኳቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ልታወጪልኝ ትችያለሽ ወይ አልኳት። ናፍቆት ይዞኝ ነው፣ ላየው ፈልጌ። ከስክሪኑ ቀና ብላ «አንቺ ራስሽ ሂስትሪሽን ካላበራሽው እኔ ጋ የለም፣ መጽሐፉን ስትመልሺ ስምሽ ከሱ ላይ ይነሳል» አለችኝ። እንደመክፋት አልኩና ወዲያው ደስ አለኝ። መጽሐፉ እኔ ጋ እያለ ያውቀኛል፣ ስመልሰው ይረሳኛል፣ ልታወስ ካልኩ ደሞ ራሴ እመርጣለሁ። ያቺ የክፍላችን ልጅ ይሄ ነበር የሚያስፈልጋት።

ግን ሁሉም እንደዚህ አይደለም። አዶቤ ዲጂታል ኤዲሽንስ የሚባለው የኢ-ቡክ ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በ2014 የትኛውን መጽሐፍ እንደከፈታችሁ፣ የትኛው ገጽ ላይ እንደደረሳችሁ ሳይመሰጥር ወደ ካምፓኒው ሰርቨር ሲልክ ተደርሶበታል። ከላይብረሪ ሊቢ በሚባለው አፕ ኢ-ቡክ ተውሳችሁ ኪንድል በሚባለው የአማዞን ማንበቢያ ላይ ላንብብ ካላችሁም ውሰቱ የሚጠናቀቀው አማዞን ድረ ገጽ ላይ ነው፣ የላይብረሪያኑ ጥበቃ እዛ ድረስ አይከተላችሁም። ካርዷ እኮ የምታውቀው ስምና ሁለት ቀን ብቻ ነው። የት ገጽ ላይ እንዳለቀሳችሁ፣ የቱን ደግማችሁ እንዳነበባችሁ፣ የቱ ጋ ሰልችቷችሁ እንደተዋችሁት አታውቅም ነበር። ደሞ የምታውቀውን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ፣ በገዛ እጃችሁ ነው የጻፋችሁት፣ ዓይናችሁ እያየ። አሁን ማን ምን እንደጻፈብን አናይም። በናታችሁ ስልካችሁ ላይ ያለውን የንባብ አፕ ሴቲንግ አንዴ ግቡና እዩት፣ ሂስትሪ የሚለውን።

የቴሌግራሙ ነገር ከሆነ በኋላ እንቅልፍ ነሳኝና የዛችን ልጅ ስልክ ከሰው አፈላልጌ ደወልኩላት። አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። ስለልጆቻችን ስለምናምን ብዙ አወራንና በመጨረሻ ያኔ ያወራሁት እኔ ነኝ አልኳት። ዝም አለች። ከዛ «አውቃለሁ» አለችኝ፣ «ያኔም አውቅ ነበር፣ ከኋላዬ ካርድ የምታገላብጪው አንቺ ብቻ ነበርሽ»። ይቅርታ አልኳት፣ ይሁን አለችኝ። በሽታው የሷ አልነበረም፣ የታናሽ ወንድሟ ነው፣ ቤት ውስጥ ጸበል እንጂ ሐኪም አይባልም ነበር፣ እሷ ግን ከመጽሐፏ ላይ መድኃኒት እንዳለው አንብባ፣ ሲጥለው ክብሪት መጫር እንደማይጠቅም፣ በጎኑ ማስተኛት እንዳለባቸው አንብባ፣ አባቷን ለምና ጤና ጣቢያ አስወሰደችው። ኪኒኑን እስከ ዛሬ ይወስዳል፣ ሥራ ይዟል፣ ሁለት ልጆች አሉት።

መጽሐፏን ጨርሰሻት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት፣ ምክንያቱም ካርዱ ላይ ከዛ በኋላ ስሟ አልነበረም፣ አይቼዋለሁ።

«ጨርሻታለሁ እንጂ» አለችኝ። «ግን ከዛ ወዲህ አልተዋስኳትም። በየረፍቱ እየገባሁ መደርደሪያው መሀል ቆሜ፣ በቀን ሁለት ሁለት ገጽ።»